ከኮን የተሠራ ሐረጎ

እንቅልፍ የሚያወጣው ድካም አለ፤ ተኝተው ሲነሱ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ድካምም አለ። ጽናት ያን ቅዳሜ ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ከሚባለው ሰፈራቸው፣ ይዛው የወረደችው ሁለተኛውን ነበር።

አባቷ ጋሽ ሞላልኝ የመኪናውን ቁልፍ በእጃቸው ይዘው በረንዳው ላይ ሲጠብቋት አገኘቻቸው። በጉልበታቸው ዘመን ከደሴ አሰብ እየተመላለሱ ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው። አሁን የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆነዋል፤ ከመኪና የቀረቻቸው ያቺ ያረጀች ቶዮታ ዲኤክስ ብቻ ናት። ሠላሳ ዓመት ያለፋት አስተማሪ ልጃቸው በእሷ ኮምቦልቻ ወርዳ በፕላስቲክ የመንገድ ኮኖች መሃል ለውድድር መጋለቧን አይወዱትም። ቢሆንም ቁልፉን ከልክለዋት አያውቁም።

«ያዕቆብ ጥሩ ልጅ ነው» አሉ።

«ጥሩ ልጅ ነው፣ አባዬ።»

«እግዚአብሔርን የሚፈራ።»

«የሚፈራ ነው።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው? የላካቸው ሽማግሌዎች መልስ እየጠበቁ ነው። እኔም እንግዲህ ደከመኝ፣ ልጄ።»

«ማታ እነግርዎታለሁ። ዛሬ ማታ።»

ዓይኗን ትንሽ አዩት። የሚሉት ነገር ያላቸው ይመስል ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ግን ሌላ ቀን የሚሉትን ብቻ ብለው ቁልፉን ሰጧት። «ሐረጎን በማርሽ ውረጂ። ፍሬን ላይ አትተኚ።»

ከሀፊዝ ጋር ያስተዋወቃት ይህንኑ ምክር አለመስማቷ ነበር። ከዓመታት በፊት ከደሴ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ፍሬን ላይ ተኝታ ስትወርድ ጎማዎቹ ጢስ ጢስ ሸተቱ፤ ደንግጣ ከባድ መኪኖች ፍሬናቸውን የሚያበርዱበት ሰፊ የመንገድ ዳር ላይ ወጥታ ቆመች። የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ መኪና መጥቶ ከኋላዋ ቆመ። አንድ ረጅም ዝምተኛ አሠልጣኝ ወርዶ ጎማዋን በእጁ ጀርባ ሞከረና «ፍሬኑ ይረፍ፤ አንቺም እረፊ» አላት። ከመኪናው ቆሎ አመጣ፤ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ፍሬኑ ቀዘቀዘ፤ እነሱ ግን አልተነሱም።

ከዚያ ወዲህ ጽናት ሐረጎን ስትወርድ ወደ ሀፊዝ ነው፤ ስትወጣ ወደ ቤቷ ነው። ቁልቁለቱ ወዲያው ያልቃል፤ አቀበቱ ግን አያልቅላትም።

ሀፊዝ ኮምቦልቻ የሚሠራ የደሴ ዙሪያ ገበሬ ልጅ ነው፣ ሶላቱን የማያጓድል። እሷ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ልጅ ናት፣ ጸሎቷን የማትተው። ወሎ ላይ ሙስሊምና ክርስቲያን መጋባት ምን አዲስ ነገር አለው ይላሉ ሰዎች። ይላሉ እንጂ ነገሩ እነሱ ደጃፍ ሲደርስ በሩን የሚከፍተው ጥቂት ነው። አንዳቸውም ሌላውን «ሃይማኖትህን ተው» ወይም «ሃይማኖትሽን ተዪ» ብሎ አያውቅም፤ ስለዚህ መጠበቅ ብቻ ቀራቸው። መጠበቅ ደግሞ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ፤ የሁለቱንም ወጣትነት ይዞት ሊሄድ ምንም አልቀረው።

ባለፈው ወር ደሴ ፒያሳ ጭማቂ ቤት ተቀምጠው የያዕቆብን ነገር ነገረችው። ሀፊዝ ብርጭቆውን ወዲያና ወዲህ አዞረ።

«ትንሽ ጊዜ ስጪኝ» አለ በመጨረሻ።

«ጊዜ? ሀፊዝ፣ እስከ ዛሬ ከጊዜ ሌላ ምን ሰጥቼህ አውቃለሁ?»

አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወዲህ አልደወለም። እሷም በልቧ እየሞተች በኩራቷ አልደወለችም። የምታፈቅረውን ሰው ዝምታ መሸከም ከባድ ነው፤ ከዚያ የሚከብደው ሰውየው ምን ሊል እንደፈለገ ለራስ እየተረጎሙ ማደር ነው።

*

የኮምቦልቻ መኪና ወዳጆች የኮን ውድድራቸውን የሚያደርጉት ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኘው አሮጌ የጭነት መኪኖች ማቆሚያ፣ በሰፊው አስፋልት ላይ ነው። ሕጉ ቀላል ነው። በኮን የሚሠራው መስመር በየውድድሩ አዲስ ነው፤ ጠዋት ይዘረጋል፤ ማንም በመኪና አይሞክረውም። ነጂ ሁሉ በእግሩ ይራመደዋል፣ መታጠፊያውን አንድ በአንድ በልቡ ይይዘዋል፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ይነዳዋል። ቀጥ ብለው የቆሙ ኮኖች በሩን ያሳያሉ፤ በየመታጠፊያው የተጋደሙት ደግሞ በጫፋቸው የሚኬድበትን አቅጣጫ ያመለክታሉ።

መስመሩን የሚዘረጋው ሀፊዝ ነው። ዘርጊ ደግሞ የመጀመሪያውን ኮን ካስቀመጠበት ጊዜ ጀምሮ የመጨረሻው መኪና እስኪገባ ከነጂ ጋር አንዲት ቃል አይለዋወጥም። ለዚህ ሕግ መነሻዋ ራሷ ጽናት ናት። አምና ስታሸንፍ «ወዳጇ ቀድሞ አሳይቷት ነው» ተባለ፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ወሬውን ከሁሉ በኋላ የሰማችው እሷ ነበረች። ሀፊዝ ሐሜቱን በእጥፍ ተሸከመው። ከዚያ ወዲህ በውድድር ቀን ሰላምታዋን እንኳ ከሩቅ ነው የሚቀበለው።

ስትደርስ ሰዉ ሁሉ መስመሩን ተራምዶ ጨርሷል። የማኅበሩ ሰብሳቢ ጋሽ አብዱልወሀብ ባንዲራቸውን በብብታቸው ይዘው ገሠጿት።

«ምነው አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ደግሞ አረፈድሽ! በይ ቶሎ ተራምደሽ ነይ። ከሁሉ መጨረሻ አድርጌሻለሁ።»

«እሺ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሀፊዝ ከመግቢያው በር አጠገብ፣ ብርቱካናማ ሰደርያውን ለብሶ ቆሟል። ከስቷል። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፤ በዓይኑ አንድ ነገር ሊላት የፈለገ ይመስል ትንፋሹን ሳበ፣ ከዚያ ወደ ጫማው ተመለከተ። ጽናት ፊቷን አዞረች። «ሰው ሲጠላ እንኳ እንዲህ አያፍርም» ብላ አሰበች።

ሐሳቧ እሱ ላይ ቀርቶ፣ እንደ ወትሮዋ ከመግቢያው በኩል መራመድ ጀመረች፤ መነሻው ሁልጊዜ እዚያ ነበርና። መጀመሪያ ረጅም ሜዳ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ሰፋ ያለ መታጠፊያ። ወዲያው ወደ ግራ ጠበበ። ቀጥሎ መንገዱ በራሱ ላይ ሊጠመጠም የደረሰበት ክርን መጣ። እዚያ ላይ እግሯ ቀስ አለ። ይህን ክርን ታውቀዋለች። ከእሱ በኋላ የሚመጣውንም ታውቀዋለች፤ ሁለት አጫጭር እጥፋት፣ ትንሽ ቀጥታ፣ ከዚያ ረጅም ግራ።

ሐረጎ ነው። ሀፊዝ ሐረጎን በኮን ሠርቶታል።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ኮኖቹን ማየት ትታ መንገዱን ማየት ጀመረች። አስፋልቱ ሜዳ ሆኖ ሳለ አቀበት እንደሚወጣ ሰው ተራመደች። መሃል ላይ ስትደርስ ከመስመሩ ወጣ ያለ፣ በኮን የታጠረ አራት ማዕዘን አገኘች፤ ነጂ እዚያ ገብቶ ቀጥ ብሎ ካልቆመ በቀር ማለፍ አይችልም። ሌላው ነጂ ለምን መሃል መንገድ ላይ እንደሚያስቆመው ሳይገባው ተነጫንጮ አልፎ ይሆናል። እሷ ግን ድንጋዩንና ቆሎውን አስታወሰች። ፍሬኑ የበረደበት ቦታ ነው።

በአንዱ ጎኑ ኮን ጎድሏል፤ ክፍት ነው፣ ወደ መኪኖቹ መውጫ ያወጣል። ሀፊዝ ኮን የሚረሳ ሰው አልነበረም። «ለእኔ ሲሆን እጁም ተሰላቸ» አለች በልቧ፤ አለፈችው።

የመስመሩ ጫፍ ወዲያ ማዶ፣ ፊቱን ወደ ሐረጎ ተራራ አዙሮ በሁለት ኮኖች አለቀ። ከላይ ጉም የተራራውን ጫፍ ሸፍኖት ነበር። ጽናት በሁለቱ ኮኖች መሃል ቆማ ሁሉ ነገር ገባኝ አለች። ከኮምቦልቻ የሚነሳ፣ ትዝታቸው ላይ አንዴ የሚያስቆም፣ ከዚያ ደሴ የሚያደርስ መንገድ። በአፉ «ወደ ቤትሽ ግቢ፤ ያዕቆብን አግቢ» ማለት አቅቶት በኮን ነገራት።

መኪናዋን ከማቆሚያው ግንብ ጀርባ አቁማ ነበርና ገብታ መስኮቱን ዘጋች፤ ግንባሯን መሪው ላይ ደፋች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ አልገደመም። ከግንቡ ወዲያ ጎማ ሲያፏጭ፣ ሰው ሲያጨበጭብ ይሰማታል፤ አንዱንም ቀና ብላ አላየችም። ማታ ለአባቷ የምትሰጠውን መልስ አገኘችው፤ መልሱን ማግኘት እንዲህ ባዶ እንደሚያደርግ ግን አልጠበቀችም።

*

ስሟ ሲጠራ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ መኪናዋን አስነሳች። መንዳት አልፈለገችም፤ «ውድድሩን ጥላ ሄደች» እንዳይባል ብቻ ነው። የመኪናዋን አፍንጫ ከመግቢያው አጠገብ ካሉት ሁለት ኮኖች መሃል አስገብታ ባንዲራውን ጠበቀች።

ጋሽ አብዱልወሀብ እጃቸውን እያወናጨፉ ሮጡ።

«ኧረ ያ ረቢ! ወዴት ነሽ አንቺ ልጅ? ይሄኮ መድረሻው ነው!»

«መነሻው ሁልጊዜ እዚህ አይደል እንዴ፣ ጋሼ?»

«ዛሬ ገለበጠዋ! ለምን ስንለው ዝም። መነሻው ወዲያ ማዶ፣ በተራራው በኩል ነው። የኮኖቹን ጫፍ አላየሽም? ሁሉም ወደዚህ ነው የሚያመለክተው!» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አዘኑላት። «ወላሂ፣ ገልብጠሽ ነው የተራመድሽው። በቃ፣ ቀስ ብለሽ ንጂው፤ ዛሬ አይሆንልሽም።»

የቆመው ሰው ሳቀ። ጽናት ሳቁን አልሰማችውም።

በአስፋልቱ ዳር ዳር ቀስ ብላ ወደ ማዶ ነዳች። መነሻው በተራራው፣ በደሴ አቅጣጫ ከሆነ መንገዱ የሚነሳው ከደሴ ነው። ከደሴ ከተነሳ ደግሞ ይወርዳል እንጂ አይወጣም። ሐረጎን ስትወርድ ወዴት እንደምትሄድ እሷም እሱም ያውቃሉ። መድረሻው በር ላይ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰው ሰው ቆሟል፤ ጠዋትም እዚያው ነበር የቆመው፣ መጨረሻው ላይ።

«ሂጂ አላለኝም» አለች ጮክ ብላ፣ ለመኪናዋ። «ነይ ነው ያለኝ።»

ባንዲራው ወረደ።

ገልብጣ የተራመደችው መስመር ምንም አልጠቀማት፤ አላስፈለጋትም። ይህን ቁልቁለት በልቧ የያዘችው ዛሬ አልነበረም። ረጅሙን መታጠፊያ በሦስተኛ ማርሽ ወረደችው፤ ሁለቱን አጫጭር እጥፋት በሁለተኛ። ፍሬን ላይ አልተኛችም። አሮጊቷ ዲኤክስ እየተንጠራራች ታዘዘችላት። ሰዉ መሳቁን ተወ፤ አንዱ «አምናም አላሳያትም ነበር ማለት ነው» ሲል ጋሽ አብዱልወሀብ ሰሙ።

አራት ማዕዘኑ ውስጥ ገብታ ቆመች። እዚያ ላይ ሌላው ነጂ ጎማው መቆሙን እንዳረጋገጠ ተፈትልኮ ወጥቷል። እሷ ግን ቀኝ ጎኗን አየች። ኮን የጎደለበት ቦታ ክፍት ነው፤ ወደ መውጫው፣ ከመውጫው ወደ ደሴ መንገድ። ሀፊዝ ኮን የሚረሳ ሰው አይደለም። የረሳው አይደለም፣ የተወላት ነው። ልትመለስ ብትፈልግ ማንንም ሳትገጭ፣ ማንም ሳያያት፣ አንገቷን ሳትደፋ እንድትመለስ።

«ሂጂ! ሂጂ እንጂ!» አለ ሰዉ።

አልሄደችም። አባቷን አሰበች፣ በረንዳው ላይ ቁልፍ ይዘው። ሌላው ሰው ገፍቶ ወይም ጎትቶ ያስጨነቃትን ነገር፣ ይህ ሰው በር ከፍቶ ተወላት። በዓመታት ውስጥ ማንም እንዲህ አላከበራትም። ያን ጊዜ ወደደችው፤ እንደገና፣ እንደ አዲስ፣ ከበፊቱ አብልጣ።

ማርሽ አስገባችና መስመሩን ይዛ ወረደች።

*

ከሁሉም ዘግይታ ጨረሰች። ያሸነፈው ሌላ ሰው ነው፤ ጨበጨቡለት፣ ፎቶ ተነሱ፣ እየተጯጯሁ ወደ ከተማ ሄዱ። ሀፊዝ አስፋልቱ ላይ ኮን መሰብሰብ ጀመረ። ጽናት ከመኪናዋ ወርዳ ከሌላኛው ጫፍ መሰብሰብ ጀመረች። አንዱን ባንዱ ላይ እየሰኩ መጥተው አራት ማዕዘኑ ጋ ተገናኙ።

«አሁን መናገር ትችላለህ» አለችው። «የመጨረሻው መኪና ገብቷል።»

«ደህና ነሽ?»

«ደህና አይደለሁም። ገልብጬ ነው የተራመድኩት። አባረርከኝ ብዬ ስንት አለቀስኩ መሰለህ።»

ሀፊዝ የያዛቸውን ኮኖች አስቀመጠ። «ወላሂ፣ ጽናት፣ ይህ አልታሰበኝም። ከላይ የመጣ ሰው ከላይ ይጀምራል ብዬ…»

«አንድ ወር ሙሉ ለምን አልደወልክም?»

«እናቴ ጋ ሄጄ ነበር። እናቴን ከሪማን ታውቂያታለሽ፤ ካለች አለች ነው። ቀን በቀን ለመንኳት። በመጨረሻ ‹አግባት፣ ግን የሰው ልጅ ከአባቷ ቤት አስኮብልለህ እንዳትመጣብኝ፤ በራሷ እግር ትምጣ› አለች። አንቺን ‹አባትሽን አስቀይሚና ነይ› የምልበት አፍ ከየት ላምጣ? ስልኩን አነሳዋለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። እኔ የማውቀው መስመር መዘርጋት ነው። መንገዱን ልዘርጋው፣ መውጫውንም ልተውላት፣ እሷ ትምረጥ አልኩ።»

«በአፍህ ብትነግረኝ አንድ ቃል ነበር።»

«አውቃለሁ። ፈሪ ነኝ።»

«ፈሪስ ነህ» አለችና ሳቋና እንባዋ ተደባለቀባት። «ሀፊዝ፣ እኔ ከጌታዬ አልወጣም።»

«አልጠየቅኩሽም። እኔም ከዲኔ አልወጣም።»

«ቀላል አይሆንም።»

«አይሆንም። አብሽሪ፣ እስከ ዛሬስ መች ቀለለን?»

የተጋደሙ ኮኖች ላይ ተቀመጡ። ጽናት ስልኳን አወጣች። ማታ ድረስ ከያዘችው እንደገና እንደምትጠብቅ፣ እንደገና ዓመት እንደሚያልፍ አወቀች።

«አባዬ? መልሴን አሁን ልንገርዎት። ለያዕቆብ እምቢ ብላለች ይበሉልኝ፤ ጥሩ ሰው ነው፣ እንዳይከፋው አድርገው። እኔ የማገባው ሰው ሀፊዝ ይባላል።»

በስልኩ ውስጥ የጎረቤት በር ሲዘጋ ተሰማት፤ እስትንፋሳቸውም ተሰማት።

«አሠልጣኙ ነው?» አሉ። «ሐረጎ ላይ ፍሬንሽን ያበረደው?»

ጽናት ከኮኑ ላይ ተነሳች። «ማን ነገረዎት?»

«የከባድ መኪና ሰው መንገድ ላይ ዓይን አያጣም። ያኔውኑ ነው የሰማሁት። ቁልፉን በሰጠሁሽ ቁጥር ዛሬ ትነግረኛለች፣ ዛሬ ትነግረኛለች ስል አረጀሁ።»

«አባዬ…» አለች። ይህን ሁሉ ዓመት ሦስት ሰው በየፊናው ሲጠብቅ ኖሯል፤ አንዱ የሌላውን አፍ እያየ።

«እሺ አላልኩሽም» አሉ ጋሽ ሞላልኝ። ድምፃቸው የተሰበረ ነበር። «እሺ ለማለት ገና ነኝ። ከጌታ ጋር ብዙ የምነጋገረው አለኝ። ሰውየው አጠገብሽ ነው?»

«አጠገቤ ነው።»

«እንግዲያው ጉም ሳይወርድ ይዘሽው ውጪ። ልየው።»

ሀፊዝ ሁሉንም ሰምቷል። በመዳፉ ፊቱን ሸፈነ። ከዚያ ከመኪናው ውሃ አውጥቶ ታጠበና ጽዱ አስፋልት መርጦ የዐስር ሶላቱን ሰገደ። ጽናትም ጥቂት ራቅ ብላ ዓይኗን ጨፍና የራሷን ጸሎት ጸለየች። ማን ቀድሞ እንደጨረሰ አላስተዋሉም።

ሐረጎ ስር ሲደርሱ ሁለተኛ ማርሽ አስገባች። ጠዋት በኮን መሃል በእግሯ የወጣችው አቀበት ነው፤ ክርኑ ያው፣ ግራው ያው። አጠገቧ ያለው ወንበር ግን ባዶ አልነበረም።

«ፈራህ?» አለችው።

«በጣም። አንቺስ?»

«እኔ ደክሞኛል።»

«እኔም ደክሞኛል» አለ ሀፊዝ፤ ማርሹ ላይ ባረፈው እጇ ላይ እጁን አሳረፈ።

ጉሙ ከላይ ገና አልወረደም ነበር። አቀበቱ እንደ ድሮው ረጅም ነው፤ ጽናት ግን ዛሬ እንዲያልቅላት አልቸኮለችም።